ከአርማታ ሥራ እስከ ሙሉ አድሚራልነት

የባሕር ኃይል ሲባል በአብዛኛው ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚመጣው መርከቡና መድፉ ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ መኰንን መነጽሩን ወደ ሩቅ አቅንቶ በመርከቡ ላይ ቆሞ ይታየናል። መርከብ ግን ዘወትር በባሕር ላይ አይኖርም። ነዳጅ ለመቅዳት፣ ጥይት ለመጫን፣ ከውሃው በታች ያለው አካሉ ሲጐዳም ለመታደስ ወደ መሬት መመለስ አለበት። የሚመለስበትን ወደብ ማን ሠራው? ነዳጁ የሚጠራቀምበትን ጋን ማን ተከለው? ብለን ብንጠይቅ፣ ስሙን የምናውቀው ሰው ለማግኘት እንቸገራለን። ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ከነዚህ ስማቸው ከማይነሣው ሰዎች ስለ አንዱ ለአንባቢዎቻችን፣ በተለይም በትምህርት ላይ ላሉትና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩት ወጣቶች፣ ጥቂት ልናጫውት አስበናል። ሰውዬው አሜሪካዊው አድሚራል ቤን ሞሬል ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሞሬል የተወለዱት በሴፕቴምበር 14 ቀን 1892 ዓ.ም. በዩታ ክፍለ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ከተማ ነው። ወደ ባሕር ኃይሉ የገቡት ዋነኞቹ መኰንኖች በሚሠለጥኑበት በአናፖሊስ አካዳሚ በር አልነበረም። ከባሕር እጅግ በራቀችው በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ተምረው በ1913 ተመረቁ። አሜሪካ በ1917 ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትገባ እሳቸውም ወደ ባሕር ኃይሉ የሲቪል መሐንዲሶች ክፍል ገቡ። ይህ ክፍል በ1867 የተቋቋመ ነው። መኰንኖቹ እንደ ሌሎቹ ማዕረግና የደንብ ልብስ አላቸው፤ ነገር ግን መርከብ አያዙም፣ ጦርም አይመሩም፤ ሥራቸው ማቀድ፣ መገንባትና መጠገን ብቻ ነበር። አንባቢያችን ይህን ነገር በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወጣቱ መሐንዲስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ባሉት የአዞረስ ደሴቶች ተመድበው ሲሠሩ፣ በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ከነበሩት ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተዋወቁ። ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ ለከፍተኛ ሹመት ያበቋቸው እኒሁ ሩዝቬልት ናቸው። ሹመቱን ያገኙት በትውውቅ ብቻ ነው ለማለት ግን አንደፍርም፤ በመካከሉ ያለፉት ዓመታት የተሞሉት በሥራ ነውና።

ከጦርነቱ በኋላ ሞሬል ሐሳባቸውን የጣሉት በአርማታ ላይ ነበር። አርማታ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሳቡ በሚበረታበት ቦታ ሁሉ ብረት ይገባበታል። ስንት ብረት፣ በየትኛው ቦታ፣ ምን ያህል ውፍረት የሚለውን አስልቶ ማስቀመጥ የመሐንዲሱ ፈንታ ነው። ሞሬል ለባሕር ኃይሉ የአርማታ ሥራዎች የንድፍ ደንብ አዘጋጁ። በ1932 ወደ ፓሪስ ተልከው በታወቀው የፈረንሳይ የመንገድና የድልድይ ትምህርት ቤት የአውሮፓን የምሕንድስና ሥራ አጠኑ። በ1941ም የአሜሪካ የአርማታ ኢንስቲትዩት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ከዚህ ጥናት በኋላ ከተሰጧቸው ሥራዎች አንዱ ለተማሪዎች በተለይ የሚጣፍጥ ይመስለናል። በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ካርዴሮክ በሚባል ስፍራ፣ የባሕር ኃይሉ የአዳዲስ መርከቦችን ትንንሽ አምሳያዎች በውሃ ላይ እየጐተተ የሚመረምርበት ትልቅ ቤት ተሠርቶ በ1939 ተከፈተ። ቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ረዥም ነው። አምሳያውን የሚጐትተው ጋሪ በውሃው ግራና ቀኝ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ምድር ክብ ስለ ሆነች የረጋ ውሃም ፊቱ ከምድር ጋር ጐበጥ ይላል። በባልዲ ውስጥ ይህ አይታወቅም፤ ውሃው ይህን ያህል ሲረዝም ግን ልዩነቱ ለልኬት ይበቃል። ሐዲዱ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ቢል ጋሪው በመካከልና በዳር ከውሃው ያለው ርቀት እኩል አይሆንም፣ ምርመራውም ይበላሻል። ስለዚህ ሐዲዱን የምድርን ጐባጣነት ተከትሎ እንዲሄድ አድርገው አነጠፉት። የዚህን ቤት ግንባታ ከመሩት ዋነኛው ሞሬል ነበሩ።

በዲሴምበር 1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሞሬልን የባሕር ኃይሉ የወደብና የመርከብ ማደሻ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ሹም፣ የሲቪል መሐንዲሶቹም አለቃ አድርገው ሾሟቸው። ዕድሜያቸው 45 ዓመት ነበር። አዲሱ ሹም ብዙ ከደከሙላቸው ጉዳዮች አንዱ በሃዋይ ደሴቶች፣ በፐርል ሃርበር ወደብ፣ ሁለት ታላላቅ የመርከብ ማደሻ ገንዳዎች እንዲሠሩ ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ ከራሱ ከመርከቦቹ ጦር አለቆች ተቃውሞ ገጥሞት ነበር።

የመርከብ ማደሻ ገንዳ ማለት በባሕሩ ዳር ተቈፍሮ ወለሉና ግድግዳው በአርማታ የተሠራ፣ ወደ ባሕሩ በኩል መዝጊያ ያለው ጉድጓድ ነው። መርከቡ ተንሳፎ ይገባል፤ መዝጊያው ይዘጋል፤ ውሃው በፓምፕ ይቀዳል። ውሃው ሲጐድል መርከቡ በተደረደሩለት ድጋፎች ላይ ይቀመጥና ሠራተኞች ሆዱን እየዞሩ ይጠግኑታል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን ባዶ ድስት ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ስንጫነው ወደ ላይ እንደሚገፋን፣ ውሃው የተቀዳለት ገንዳም ከሥሩ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። የፐርል ሃርበር የመጀመሪያው ገንዳ በ1909 ተጀምሮ አራት ዓመት ከተለፋበት በኋላ በ1913 በዚህ ግፊት ፈራርሶ ነበር፤ እንደገና ተሠርቶ የተከፈተው በ1919 ነው።

አዳዲሶቹ ገንዳዎች ሲሠሩ መሐንዲሶቹ ውሃውን ከመታገል ይልቅ በውሃው ውስጥ መሥራትን መረጡ። አርማታውን በረዥም ቧንቧ ወደ ታች እያወረዱ ከባሕሩ ወለል ላይ አፈሰሱት። በውሃ ውስጥ የፈሰሰ አርማታ እንዴት ይጠነክራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነው፤ ስለዚህ እንዳይታጠብና እንዳይበተን ከተጠበቀ ከውሃ በታችም ይጠነክራል።

በዲሴምበር 7 ቀን 1941 የጃፓን አይሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን ሲደበድቡ ሁለተኛው ገንዳ ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። ሆኖም በሦስተኛው ቀን የተመታችው ሄሌና የተባለችው መርከብ ገባችበት። በፌብሩዋሪ ወር 1942 ደግሞ ኔቫዳ የተባለው ታላቁ የጦር መርከብ ተከተለ። በዚያ ቀን በወደቡ ከነበሩት 8 ታላላቅ የጦር መርከቦች 6ቱ ቀስ በቀስ ወደ አገልግሎት ተመልሰዋል። ሁሉም የዳኑት በአዲሱ ገንዳ ነው ማለታችን አይደለም፤ የቀድሞውም ገንዳ፣ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ያሉትም ማደሻዎች ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ገንዳው ከአደጋው በኋላ ቢጠየቅ ኖሮ ምን ያህል ጊዜ በፈጀ ነበር? መርከብ በሰመጠ ማግስት ሁሉም ሰው ገንዳ ያስፈልጋል ይላል፤ ሞሬል ግን ተቃውሞውን ችለው ያሉት ቀደም ብለው ነው።

ከዚህም የከበደው ጉዳይ የመጣው በዚያው ወር ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የአይሮፕላን ማረፊያና ወደብ የሚሠሩት በኮንትራት የተቀጠሩ ሲቪሎች ነበሩ። ዌክ በምትባለው ትንሽ ደሴት ብቻ ከ1,100 በላይ የሚሆኑ ሠራተኞች ነበሩ። ጃፓኖች ሲያጠቋት አንዳንዶቹ ከወታደሮቹ ጋር ተሰልፈው በመድፍ ሥራ ረዱ። ግን በጦርነት ሕግ ሲቪል ሰው መሣሪያ አንሥቶ ቢማረክ እንደ ወታደር መብት አይጠበቅለትም፤ እንደ ሽፍታ ሊረሸን ይችላል። መሣሪያ ባያነሣም መከላከያ የለውም። ደሴቲቱ በዲሴምበር 23 ቀን ተያዘች። ከተማረኩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ወደ ሌላ አገር ሲወሰዱ፣ ለጃፓኖቹ ሥራ እንዲሠሩ የቀሩት 98ቱ በኦክቶበር 7 ቀን 1943 በዚያው ተረሸኑ። ቤታቸውን ትተው የሄዱት የሚሻል ደመወዝ ፍለጋ ነበር።

ሞሬል የዚህን የመጨረሻ ዕልቂት ዜና የሚሰሙበት ጊዜ ገና አልደረሰም፤ አደጋው ግን ታይቷቸው ነበር። ዌክ በተያዘች በአምስተኛው ቀን፣ በዲሴምበር 28፣ ግንበኛውና አናጢው፣ በያጁና ቀያሹ የባሕር ኃይል ወታደር ሆነው፣ መሣሪያ ይዘው፣ ሠልጥነው የሚሠሩባቸው የግንባታ ሻለቃ ጦሮች እንዲቋቋሙ ፈቃድ ጠየቁ። ፈቃዱ በጃንዋሪ 5 ቀን 1942 ተሰጠ።

እዚህ ላይ ነው አንባቢያችን በልቡ እንዲይዝ የለመንነው ነገር የሚመጣው። እነዚህን ሻለቃ ጦሮች ማን ይዘዛቸው? የባሕር ኃይሉ ደንብ ጦር ለማዘዝ ሥልጣን ያላቸው የመርከብ መኰንኖች ብቻ ናቸው ይላል። መሐንዲሱ ሥራውን ያውቃል፤ ማዘዝ ግን አይችልም። የመርከቡ መኰንን ማዘዝ ይችላል፤ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ አላየም። ለሚያልፍ ሰው ይህ የወረቀት ክርክር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ቡልዶዘር የነዳ ሰው ረግረግ መሬት ላይ ቆሞ አፈሩ አይሸከምም ሲል፣ ያዛዡ መልስ ትእዛዝ ነው ብቻ ከሆነ፣ የሚሰምጠው ቡልዶዘሩ ብቻ አይደለም። ሞሬል ነገሩን በዝምታ አላለፉትም፤ ለባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ለፍራንክ ኖክስ አቀረቡ። ሚኒስትሩም በማርች 19 ቀን 1942 የሲቪል መሐንዲስ መኰንኖች የግንባታውን ጦር እንዲያዝዙ ሥልጣን ሰጡ። ሞሬል በጦርነቱ ጊዜ ከሠሩት ሁሉ እኛ ከፍ አድርገን የምናየው ይህን አንድ ደብዳቤ ነው። ማረፊያ ሜዳ በቦምብ ይፈርሳል፣ ይሠራልም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲያዝ የተደረገው ውሳኔ ግን በየደሴቱ ተከተላቸው።

የሻለቃ ጦሩ ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር ሲ እና ቢ የሚባሉትን ሁለት ፊደሎች ይሰጣል። ሁለቱ ፊደሎች አንድ ላይ ሲነበቡ በዚያው ቋንቋ የባሕር ንብ እንደ ማለት ይሰማሉ፤ ሰዎቹም ሲቢዎች ተባሉ። በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት በሚገኝ የባሕር ኃይል ጣቢያ የሚሠራ አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ የመርከበኛ ቆብ የደፋች፣ በእጆቿ መትረየስ፣ መፍቻና መዶሻ የያዘች የተቈጣች ንብ ሥሎ ዓርማቸው ሆነች። መሪ ቃላቸው እንገነባለን፣ እንዋጋለን የሚል ነው።

መጀመሪያ የተመዘገቡት ሰዎች አማካይ ዕድሜ 37 ዓመት ነበር። ታላላቅ ግድቦችን የገደቡ፣ የኒው ዮርክን ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ያቆሙ ሰዎች ነበሩባቸው። እስከ 50 ዓመት ድረስ ይቀበሉ ስለ ነበር፣ ዕድሜያቸውን ቀንሰው የገቡ ከ60 ያለፉ ሽማግሌዎችም ኋላ ተገኝተዋል። ማዕረግ የሚሰጣቸው በሙያቸው ልምድ ነው። የመጀመሪያው ቡድን በፌብሩዋሪ 1942 ቦራ ቦራ የምትባል የፓሲፊክ ደሴት ደረሰና በጭቃና በዝናብ ውስጥ የነዳጅ ጋኖችን ተከለ።

በጓዳልካናል ደሴት የሆነው ግን የሙያቸውን ጠባይ ይበልጥ ያሳያል። ስድስተኛው ሻለቃ ጦር በሴፕቴምበር 1 ቀን 1942 ሲደርስ የአይሮፕላን ማረፊያው ሜዳ በየቀኑ በቦምብ ይቈፈር ነበር። መሐንዲሶቹ ሜዳው ሲመታ ብቻ እየተሯሯጡ አልሠሩም። አንድ የቦምብ ጉድጓድ ስንት አፈር እንደሚውጥ ቀደም ብለው ለኩ፤ ያንን የሚያህል አፈርና ጠጠር በካሚዮን ላይ ጭነው በሜዳው ዳር አቆዩ፤ በሜዳው ላይ የሚነጠፈውንም ቀዳዳ ያለው የብረት ንጣፍ በልኩ አዘጋጁ። አይሮፕላኖቹ ቦምባቸውን ጥለው ሲመለሱ ካሚዮኖቹ ይነሣሉ። መቶ ሰዎች አንድ የ500 ፓውንድ ቦምብ ያፈረሰውን ሜዳ፣ ንጣፉን ጭምር፣ በ40 ደቂቃ ይጠግኑት ነበር።

ሌላው መሣሪያቸው ባዶ የብረት ሣጥን ነው። ቁመቱና ወርዱ 5 ጫማ፣ ርዝመቱ 7 ጫማ ነው። ሣጥኖቹ ሲገጣጠሙ ጀልባም፣ ተንሳፋፊ ድልድይም፣ የወደብ መድረክም ይሆናሉ። በሲሲሊና በኖርማንዲ ጦሩና ካሚዮኑ ወደ የብስ ከወረዱባቸው መንገዶች አንዱ እነዚህ ሣጥኖች ናቸው።

በጦርነቱ ጊዜ በሲቢነት ያገለገሉት 325,000 ያህል ሰዎች ናቸው፤ ከ60 በላይ ሙያዎችም ነበሯቸው። በፓሲፊክ ብቻ 111 ታላላቅ የአይሮፕላን ማረፊያዎች፣ 441 የመርከብ መድረኮች፣ 70,000 ሕመምተኞች የሚይዙ ሆስፒታሎች፣ 100 ሚሊዮን ጋሎን ነዳጅ የሚይዙ ጋኖች ሠርተዋል። ቲንያን በምትባለው ደሴት እያንዳንዱ 2,600 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አራት ጥርጊያ ጐን ለጐን ዘረጉ። በኦገስት 6 ቀን 1945 በሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ የጣለው አይሮፕላን የተነሣው ከዚሁ ሜዳ ነው። ግንበኛ የሠራው ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይጠየቅም ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

አንድ ሌላ ነገርም መደበቅ አይገባንም። ጥቁር አሜሪካውያን የተመደቡባቸው ሻለቃ ጦሮች ነበሩ፤ መኰንኖቻቸው ግን ነጮች ነበሩ። በፓሲፊክ ደሴቶች ቈይቶ የተመለሰው 34ኛው ሻለቃ ጦር በማርች 1945 በካሊፎርኒያ በሚገኘው ሰፈሩ፣ ሰዎቹ በቀለማቸው ምክንያት ዕድገት ስለ ተነፈጋቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ ምግብ አንበላም አሉ። አዛዣቸውም ተለወጠ። ሥራውን የሚያውቅ ይዘዝ የሚለው ደንብ ለነዚህ ሰዎች አልደረሳቸውም ነበር።

ሞሬል በጁን 11 ቀን 1946 ባለ አራት ኮከብ ሙሉ አድሚራል ሆኑ። መርከብ አዝዘው ሳያውቁ፣ ከመርከብ መኰንኖች ወገን ሳይሆኑ፣ እዚህ ማዕረግ ላይ የደረሱ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት መኸር ጡረታ ወጡ።

ከመውጣታቸው በፊት ግን መንግሥት ለሌላ እሾኻማ ሥራ ፈልጓቸው ነበር። በኦክቶበር 1945 የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ፣ በሜይ 1946 ደግሞ የከሰል ድንጋይ ቈፋሪዎች ሲያቆሙ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ማጣሪያዎቹንና ማዕድኖቹን በመንግሥት እጅ አስገቡና በሁለቱም ጊዜ አስተዳዳሪ ያደረጉት ሞሬልን ነው። በከሰሉ ጉዳይ በተደረገው ስምምነት ከሚወጣው ከእያንዳንዱ ቶን 5 ሳንቲም ለሠራተኞቹ መረጃ ሣጥን እንዲገባ ተወሰነ። የባሕር ኃይል ሐኪሞችና መኰንኖችም የቈፋሪዎቹን መንደር ዞረው የመኖሪያ ቤቱን፣ የመጠጥ ውሃውንና የመጸዳጃውን ሁኔታ መረመሩ፤ መጥፎ ሆኖ ያገኙት ብዙ ነበር። ምርመራው በ1947 ታትሞ ወጣ።

ከጡረታ በኋላ አንድ የሕንፃ ሥራ ኩባንያ መርተው፣ ከዚያ በ1947 ከአሜሪካ ታላላቅ የብረት ፋብሪካዎች አንዱ ወደ ሆነው ወደ ጆንስና ላውሊን ሄዱ፤ እስከ 1958 ድረስም በሊቀ መንበርነት ቈዩ። በዚያው በ1958 መንግሥት በዜጎች ኑሮ ውስጥ የሚገባበት እንዲቀንስ የሚከራከር የፖለቲካ ማኅበር መሩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥትን ገንዘብ ሲያዝዙ፣ የግል ማዕድንና ማጣሪያ ሳይቀር በመንግሥት ስም ሲያስተዳድሩ የኖሩት ሰው ይህን አቋም መያዛቸው ይገርመናል። ወይም ምናልባት ማዕድኑን ካስተዳደሩ በኋላ ያዩት ነገር ይሆናል፤ የሰውን ልብ ለመመርመር ግን አንችልም።

አድሚራል ሞሬል በጁላይ 30 ቀን 1978 በፒትስበርግ አረፉና በአርሊንግተን የጦር ሰዎች መካነ መቃብር ተቀበሩ። ከማረፋቸው አራት ዓመት በፊት፣ በ1974፣ ወደዚሁ መካነ መቃብር በሚወስደው መንገድ ዳር የሲቢዎች ሐውልት ቆሞ ነበር። ሐውልቱን ያዘጋጁት ቀራፂ ራሳቸው በጦርነቱ ጊዜ ሲቢ የነበሩት ፌሊክስ ደ ዌልደን ናቸው። የቀረፁት አድሚራል አይደለም፤ ሥራውን ለአንድ አፍታ አቁሞ ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር የሚወዳጅ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ ሠራተኛ ነው።